ለግድብ ሠሪዎች የቀረበ ምስጋና

የዓለምን ግድብ አጥኚዎች በሙሉ ላመሰግን እወዳለሁ። በአንድ በጀት ሁለት ነገር ገድበውልናልና፦ ወንዙንና ሴቷን። ወንዙ እንኳ ክረምት ሲመጣ እየሞላ ያስቸግራቸዋል። ሴቷ ግን ገና በጥናቱ ወቅት ቀጥ ብላ ቆማለች።

ደግሞስ ሴት ስለ ውሃ ምን ታውቃለች? መቅዳት፣ መሸከም፣ ማጥለል፣ ለነገ ማቆየት። የትኛው ምንጭ ጥር ላይ እንደሚደርቅ፣ የትኛው ውሃ ልጅ እንደሚያስቀምጥ ትናገር ይሆናል። ይህ ልማድ እንጂ እውቀት አይደለም። እውቀት ያለው ቢጫ ቆብ ደፍቶ ከመኪና የወረደው ባለሙያ ዘንድ ነው፤ አባቶቻችንም «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ሲሉ የአዋጭነት ጥናት መጻፋቸው ነበር።

ሴቶች አልተማከሩም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ምክክሩማ ወግ ባለው መልኩ ይካሄዳል። ዋርካው ሥር አግዳሚ ላይ ሽማግሌዎቹ፣ ሊቀመንበሩና ባለሙያው ይቀመጣሉ። ሴቶቹ ከኋላ መሬት ላይ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ከወዲያ ቡና ያፈላሉ። ባለሙያው ሰዓቱን እያየ «እናቶችስ ጥያቄ አላችሁ?» ይላል። አንዷ ነጠላዋን አስተካክላ ጉሮሮዋን ስትጠርግ ሊቀመንበሩ «እንግዲህ ሴቶቹም ተስማምተዋል» ብሎ ስብሰባውን ይዘጋል። ከዚያ የስም መቆጣጠሪያው ይዞራል፤ ቡና አፍዪዎቹም በአውራ ጣታቸው ይፈርማሉ። ሪፖርቱም «ከተሳታፊዎቹ ግማሾቹ ሴቶች ነበሩ» ይላል። ጀበናውን ቢያስፈርሙት ኖሮ ከግማሽም ባለፈ ነበር።

በዚህ ጥበብ ሕንዶችን የሚያህል የለም። የናርማዳ ወንዝን ውሃ ክርክር የዳኘው ችሎት እ.ኤ.አ. በ1979 በሰጠው ውሳኔ፣ ከመሬቱ ከሩብ በላይ ለሚወሰድበት ቤተሰብ ቢያንስ ሁለት ሄክታር መሬት እንዲሰጠው አዘዘ። እሰየው። ቀጥሎም ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅ ሁሉ ራሱን እንደቻለ ቤተሰብ እንዲቆጠር ደነገገ። ወንዱ ልጅ ልደቱን ባከበረ ማግስት ቤተሰብ ሆኖ ያድራል! ሚስት አያስፈልገውም፣ ጎጆ አያስፈልገውም፣ ጢም ብቻ ይበቃዋል። እህቱስ? አብራው አርሳለች፣ አብራው ትፈናቀላለች፤ ዕድሜዋ ግን በውሳኔው ላይ አልደረሰም። በዚያው ወንዝ ላይ ለዓመታት መንግሥትን እንቅልፍ የነሳችው የተፈናቃዮቹ መሪ ሜድሃ ፓትካር ሴት መሆኗ ለእነዚህ ጠንቃቃ ሰዎች ምንኛ ቅር የሚያሰኝ ነው።

ጋናም አልሰነፈችም። የአኮሶምቦ ግድብ 80 ሺህ ያህል ሰው ሲያፈናቅል 52 አዳዲስ የሰፈራ ከተሞች ተቆረቆሩ፤ ለየቤተሰቡም አንድ ያለቀለት ክፍል ተሰጠ፣ የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት ተባለ። ሁለት ሦስት ሚስቶች በየራሳቸው ክፍል ይኖሩበት የነበረው ግቢ በአንድ ክፍል ተጠቃለለ። ንድፉን የሠሩት ሰዎች የጣውንቶች ፍቅር በቦታ ጥበት እንደሚጠነክር ሳያጠኑ አልቀሩም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ግልገል ጊቤ 3 ቁመቱ 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት ነው። ከሥሩ፣ በኦሞ ዳርቻ፣ የሙርሲ ሴቶች ጎርፉ ሲሸሽ ጥሎት በሚሄደው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር የዓመቱ ጎርፍ ቀረ። ለዚያ ማሳ ካርታ የለም፣ ግብር የተከፈለበት ደረሰኝ የለም፤ ደረሰኝ የሌለው ነገር ደግሞ አይጠፋም። እንጨት የሚለቀምበት ጫካም እንደዚያው ነው።

የካሳው ቀን ደግሞ ቅጹ ላይ «የአባወራ ስም» የሚል መስመር አለ። ሴቷ እማወራ ሆና ለመመዝገብ ባሏ መሞት አለበት፤ በሕይወት ካለ ገንዘቡን ይዞ ከተማ ይወርዳል። ባጃጅ ይገዛ ይሆናል፣ ሌላ ጎጆ ይቀልስ ይሆናል። ቤተሰቡ ተከፍሎታል፤ ፋይሉ ተዘግቷል።

ሴት ተረሳች እንዳይባል፣ በንግግሩ ላይ ሁልጊዜ አለች። «እናቶችን ከጭስ እናላቅቃለን» ያልተባለበት የግድብ ምረቃ የቱ ነው? 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብ ሲሠራ ቦንድ ግዥ ተብላ እናት ከመቀነቷ ፈታ ሰጥታለች፤ ያን ጊዜ ማንም አባወራውን ጥሪ አላላትም። ዛሬም አብዛኛው የአገራችን ምጣድ የሚሰማው በእንጨትና በኩበት ነው።

የዓለም የግድቦች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ሪፖርት ግድቦች ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ሰው እንዳፈናቀሉ፣ ከጉዳቱም የሴቶቹ ድርሻ እንደሚከብድ ጽፏል። ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ፤ ለአጥኚዎቻችን ግን ጊዜው ገና ነው፣ ሲሚንቶው እስኪደርቅ ይጠበቅ።

በአማራ ክልል የባልና የሚስት ፎቶ ጎን ለጎን የተለጠፈበት የመሬት ደብተር መሰጠት ከጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ገበሬው ደብተሩን ይዞ ወደ ካሳ ኮሚቴው ይመጣል፤ ኮሚቴው ሁለቱን ፎቶ አይቶ አንድ ስም ይጽፋል። የኮሚቴ አባላት ሆይ፣ የሚቀጥለው ግድብ ካሳ ሲከፈል ገንዘቡን በሁለቱም ስም በተከፈተ ሂሳብ አስገቡት፤ ያለሁለቱ ፊርማም አይውጣ።