ንጉሥ የማይጠፋበት ሰፈር

የጣና ደሴቶች እንደ አንድ ከተማ ቢቆጠሩ፣ መንፈስ አለባት የምትባል ከተማ የሚያስፈልጋት ሁሉ ተሟልቷል፤ የጎደለው የሚፈራ ሰው ብቻ ነው። ትልቁ ሰፈር ደቅ ነው። ሕያዋን እዚያ ያርሳሉ፣ በታንኳም ይመላለሳሉ። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም እዚያው ናት።

ባለሥልጣናቱ ያሉት ግን ጎረቤት ደሴት ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግልና የፋሲል አፅም በዚያ እንደሚገኝ ይነገራል፤ መስታወት ባለው ሣጥን ለእንግዳ ይታያል። ባለጉዳይ ቢመጣ አንዳቸውም «ስብሰባ ላይ ናቸው» አይባልላቸውም። በጎንደር ግንብ ያስገነቡት ፋሲል እዚህ የደረሳቸው ቦታ ከኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ያንሳል። በጦርነት የወደቁት ዘድንግል መጀመሪያ ሌላ ቦታ ተቀብረው ከዓመታት በኋላ ነው ወደዚህ የመጡት፤ ዝውውር ያኔም ይዘገይ ነበር ማለት ነው።

ከተማዋ የመግቢያ ደንብም አላት፤ ዳጋና ሌላው ደሴት ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባባቸውም። ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመድረሷ በፊት ብዙ መቶ ዓመታት አርፋበታለች የሚባለው ሰፈር ደግሞ ጣና ቂርቆስ ነው።

መንፈስ የሚፈራው ግን ደሴቱ ላይ ሳይሆን የብሱ ላይ ነው። ከነገሥታት አፅም ጋር ፎቶ የሚነሣ ሰው፣ አገሩ ሲመለስ የብረት ቀጥቃጩን ዓይን ቡዳ ነው ብሎ ልጁን ይሸፍናል። ማረሻው ሲዶለዱም ግን የሚሄደው እዚያው ቀጥቃጭ ዘንድ ነው።