ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖሬን ስለማሳወቅ

ለባንካችን የዲጂታል አገልግሎት መምሪያ
ባሉበት

የባንኩን ስም ያልጻፍኩት ከአክብሮት ነው። ቴሌቪዥኑ ከዜና በፊትም ከዜና በኋላም ስለሚጠራላችሁ የእኔ መጨመር ትርፍ ነው።

ክቡራን ሆይ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የጡረታ አበሌን በእናንተ በኩል የምቀበል የቀድሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰሞኑን ከቅርንጫፎቻችሁ በአንዱ ሰው መሆኔን ለማስመስከር ቀርቤ ወድቄያለሁ። ብዙ ተማሪ የጣልኩ ሰው ስለሆንኩ በመውደቄ አልከፋም፤ የፈተናውን ዓይነት ግን ስሙልኝ።

ሂሳቤ መታገዱንና መረጃዬን እስካድስ ድረስ እንደማይከፈት አጭር መልእክት ነገረኝ። መጣሁ። ጥበቃው አዳራሹ መሀል በመቆሚያ ላይ ወደተተከለ ታብሌት ወሰደኝ። ታብሌቱ በመጀመሪያ መነጽሬን እንዳወልቅ አዘዘ። አወለቅኩ። እኔ ደግሞ ያለ መነጽር ፊደል አይለይልኝም፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚያዘኝን ማንበብ ተሳነኝ። ጥበቃው፣ እግዜር ይስጠው፣ ሊያነብልኝ አጠገቤ ቆመ። ድምፁ ሌባ ለማስደንገጥ የተሰጠው ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ይዙሩ ይላል!» ዞርኩ። «ዓይንዎን ጨፈን ገለጥ ያድርጉ!» አደረግኩ። «አፍዎን ይክፈቱ!» ከፈትኩ፤ የፊት ጥርሶቼ እንደሌሉ ሰልፈኛው ሁሉ አወቀ። «አሁን ፈገግ ይበሉ!» ጡረታው ለታገደበት ሰው በትእዛዝ መሳቅ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም እንደምንም ፈገግ አልኩ። ከሰልፉ ኋላ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ ትንሽ ይጨምሩበት!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ? ታብሌቱ ጥቂት አሰላሰለና ፍርዱን ሰጠ። ጥበቃው አነበበው፦ «ሕያው ሰው አልተገኘም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ።»

እንደገና ሞከርኩ። ግራ፣ ቀኝ፣ አፍ፣ ፈገግታ። አሁንም ሕያው ሰው አልተገኘም።

ችግሩ የት እንዳለ ገብቶኛል። ታብሌቱን የተከላችሁት ካሜራው ወደ መንገዱ መስታወት እንዲያይ አድርጋችሁ ነው። ደንበኛው ሲቆም የቀትር ብርሃን ከኋላው ይሆናል፤ ካሜራው ለደማቁ ጀርባ ብሎ ብርሃኑን ሲቀንስ ፊት ይጠቁራል። «ወደ ግድግዳው እናዙረው» ብዬ ነበር። ጥበቃው አዘነልኝና «ሲስተሙ ነው ጋሼ» አለኝ።

የዚህ ሁሉ መሽከርከር ምክንያት አይጠፋኝም። የሌላ ሰው ፎቶ ካሜራ ፊት ደቅኖ የሚዘርፍ አለ፤ ፎቶ ደግሞ ዓይኑን አይጨፍንም። ግን ለፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ ስመዘገብ 10 ጣቶቼንና 2 ዓይኖቼን አስነስቼ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር ተቀብያለሁ። ጣቴን ጠይቁኝ፤ ይዤው ነበር የመጣሁት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ካሸር ተማሪዬ ነበረች። ስገባ ከወንበሯ ብድግ ብላ «ቲቸር!» ያለችኝ እሷ ናት። ወደ እሷ ሄጄ የባንክ ደብተሬንና መታወቂያዬን ዘረጋሁላት። አቀርቅራ «ቲቸር፣ እኔማ አውቅዎታለሁ፤ ሲስተሙ ነው ያላወቀዎት» አለችኝ።

እዚህ ላይ ጨዋነቴን ለአፍታ ብተው ታገሱኝ። የምታውቀኝን ልጅ መስኮት ላይ አስቀምጣችሁ፣ እንዳታውቀኝ ከለከላችኋት! የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ «ከእኔ አቅም በላይ ነው» አለኝ፤ ዋናው መሥሪያ ቤት «ሲስተሙ» ይላል። ሲስተሙ ማን ነው? የት ይቀመጣል? በማን ይከሰሳል? የገዛ ገንዘቡን የጠየቀ ሽማግሌ በሰው ፊት አፉን ማስከፈት ነውር ነው። ነውር! … ይቅርታ፤ ወደ ሰላምታዬ እመለሳለሁ።

የዚያን ዕለት የባለቤቴን የስኳር መድኃኒት የገዛልኝ ያ «ይጨምሩበት» ያለው ወጣት ነው። በር ላይ ደርሶብኝ ነገሩን ጠየቀኝና ከስልኩ በቴሌብር ለፋርማሲው ላከልኝ። እንግዲህ ቴክኖሎጂ ጠል አትበሉኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ እኔም ለልጅ ልጆቼ የበዓል ብር የምልከው በዚያው ነው። የኔትወርኩን መጥፋት፣ ነዳጅ ማደያው ላይ «ክፍያዎ በሂደት ላይ ነው» እየተባለ የሚረዝመውን ሰልፍ፣ ተቆርጦ የማይደርሰውን ገንዘብ ሌሎች ይጻፉላችሁ።

ቤቴ ገብቼ ወደ ጥሪ ማዕከላችሁ ደወልኩ። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» ተባልኩና ሙዚቃ ተለቀቀልኝ፤ ክብሩ ካርዴ እስኪያልቅ ዘለቀ። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከሐረር አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ የተዘረጋው ከወዲያኛው ጫፍ ሰው እንዲያነሳው ነበር። እናንተ ሽቦውንም ሰውየውንም አስቀራችሁ። ወደ ቴሌግራሙ መልስ ሰጪ ሮቦታችሁ ዞርኩና «ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ» ብዬ ጻፍኩ። «ይቅርታ፣ አልገባኝም። ከሚከተሉት ይምረጡ» አለና የምንዛሪ ተመንና የቁጠባ ሎተሪ ዘረዘረልኝ።

ማታ ላይ እናንተው ጻፋችሁልኝ፦ «ውድ ደንበኛችን፣ ዛሬ በቅርንጫፋችን ስላገኙት አገልግሎት ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ።» ቀን «አልተገኘም» ያለኝ ሲስተም ማታ መጥቼ እንደነበር በምን አወቀ? ለማንኛውም፣ ነጥብ መስጠት የኖርኩበት ሥራ ነውና 1 ብዬ ላክሁ። መልሱ ወዲያው ደረሰኝ፦ «ሂሳብዎ ስለታገደ አስተያየትዎን መቀበል አልተቻለም።»

ስለዚህ ታብሌቱ ወደ ግድግዳው እንዲዞርልኝ፣ ካሸሯም «ይህን ሰው አውቀዋለሁ» ብላ የምትፈርምበት አንዲት መስመር እንድትፈቀድላት በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ሰው ነኝ ባይ ደንበኛችሁ

ግልባጭ፦
ለሲስተሙ (አድራሻው ሲታወቅ)