ሦስት ሰው መምረጥ እንዲህ ያደክማል?

ሰለቸኝ። እንጅባራ ሻይ ቤት ስገባ የማራቶን ቡድን እየተመረጠ ነው። ዳንግላ ፀጉር ቤት ተራ ስጠብቅም የማራቶን ቡድን እየተመረጠ ነው። የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ የሚከፈተው ሐምሌ 7 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያ ማን ጤናውን ጠብቆ እንደሚደርስ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። የእኛ ሰው ግን ሦስቱን ስም ዛሬ ቆርጦ ይጨርሳል፤ በማግስቱ አፍርሶ እንደ አዲስ ይጀምራል። መምረጡን አልጠላሁትም። ለአገሩ ሯጭ የሚጨነቅ ሕዝብ ደስ ይላል፤ እኔም ከመራጮቹ አንዱ ነኝ። ያንገሸገሸኝ አመራረጣችን ነው።

ነገሩ ከባድ መሆኑን አልክድም። በኦሊምፒክ አንድ አገር በማራቶን ከሦስት ወንድና ከሦስት ሴት በላይ አያሰልፍም። ብዙ አገሮች ሦስት ብቁ ሰው ማግኘት ይቸግራቸዋል፤ የእኛ ጭንቀት ማንን እናስቀር ነው። ዓለምን ያሸነፈ ሯጭ ቤቱ ተቀምጦ ውድድሩን በቴሌቪዥን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ክርክሩ የቡና ማጣጫ ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራና የአገር ክብር አለበት። ይህን የሚያህል ጉዳይ ነው በስማ በለው የምንወስነው።

በስም የሚመርጠው ይበዛል። የታላላቆቻችን ዝርዝር ምንጊዜም በቀነኒሳ በቀለ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ዕድሜው እኮ ገፋ» ስትላቸው «ልጄ፣ አንተ ቤጂንግን አላየህም» ይሉሃል፤ ክርክሩም እዚያ ላይ ያልቃል። ቤጂንግን ማን ይረሳል? በ2000 ዓ.ም. ኦሊምፒክ 5,000 ሜትሩንም 10,000 ሜትሩንም ወሰደ። በመስከረም 2012 ደግሞ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡01፡41 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን በሁለት ሰከንድ አመለጠው። ለ2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ሲመረጥም በስሙ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ለንደን ላይ በ2፡04፡15 ሁለተኛ ወጥቷል። ፓሪስ ላይ በ42 ዓመቱ 39ኛ ሆኖ ገባ። የሚያሳዝነኝ ከዚያ በኋላ ያየሁት ነው። ስሙን ጠርተው የማይጠግቡት ሰዎች ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሰው ሲወቅሱት ዋሉ። ያን ያህል የሠራ ሰው በአንድ ቀን ውጤት እንዲህ አይነሳም።

ሌላው በሰዓት ብቻ የሚመርጠው ነው። ይሄኛው ወጣት ነው፤ ስልኩን ያወጣና ከላይ ያሉትን ሦስት ፈጣን ሰዓቶች አንብቦ «ይኸው፣ አለቀ» ይላል። ቁጥር ይዞ መናገሩ ከስም ጠሪው ይሻላል። ግን ሰዓቱ የት ነው የተመዘገበው? ቫሌንሲያ ላይ ከሆነ መንገዱ ሜዳ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ አሯሯጮች ንፋስ እየከለሉ እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ያደርሱሃል። በኦሊምፒክ አሯሯጭ የለም። የፓሪሱ መንገድ ደግሞ ወደ ቬርሳይ ወጥቶ የሚመለስ፣ በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ቁልቁለቱና ዳገቱ ጉልበት የሚሰብር ነበር። የቫሌንሲያን ሰዓት ይዞ ስለዚያ ዳገት መፍረድ አይቻልም።

ሳያዩ አለመፍረድን ከሌላ ሰው መማር አልነበረብንም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ በዓሉ ሲከበር የምናየውን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረስ የሚያውቅ ሽማግሌ ፈረሱን ሳያይ አይፈርድም። ደረቱን ያያል፣ ሰኮናውን ያያል፣ አረጋገጡን ያያል፤ ለዳገት የሚሆነውንና ለሜዳ ጉግስ የሚሆነውን ይለያል። «የእገሌ ፈረስ ዘሩ ጥሩ ነው» ብትለው «አምጣውና ልየው» ነው መልሱ። ለፈረስ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሕዝብ ለሰው ሲሆን ለምን ዓይኑን ጨፍኖ ይመርጣል?

የታምራት ቶላን ነገር ላንሳ፤ ሁሉም የሚያነሳው ነውና። ለፓሪስ የተመረጡት ሦስቱ ቀነኒሳ፣ ሲሳይ ለማና ደሬሳ ገለታ ነበሩ፤ ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ሲሳይ መመረጡ ይገባው ነበር፤ በኅዳር 2016 ቫሌንሲያን በ2፡01፡48፣ በሚያዝያ ቦስተንን በ2፡06፡17 አሸንፏል፤ ቦስተን ደግሞ ዳገትም ቁልቁለትም ያለው፣ አሯሯጭ የሌለበት ነው። ውድድሩ ሲቃረብ ጉዳት አገኘውና ቦታውን ታምራት ያዘ። ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጠዋት ታምራት ዳገቱ ላይ ነጥሎ ወጥቶ በ2፡06፡26 ገባ። የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሆነ። ገዛኸኝ አበራ ሲድኒ ላይ ካሸነፈ ወዲህ በወንዶች ማራቶን ወርቅ ሳናይ 24 ዓመት አልፎን ነበር። ደሬሳ አምስተኛ ወጣ።

ሰዉ ይህን ታሪክ «ዕድል ነው» ብሎ ይዘጋዋል። አይደለም። ታምራት በ2014 ዓ.ም. ኦሪገን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። በጥቅምት 2016 ደግሞ የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2፡04፡58 አሸንፎ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሯል። ኒው ዮርክ አሯሯጭ የለውም፤ ድልድዩና ዳገቱ ብዙ ነው። ያን ውድድር ተቀምጦ ያየ ሰው ፓሪስን መገመት ይችል ነበር። ግን ማን አየው? ዲኤስቲቪ ቤቱ የሚሞላው ለእንግሊዝ ኳስ ነው፤ አንድ ሰው ማራቶን ክፈቱልን ቢል «ሲያልቅ ውጤቱን እንሰማለን» ይባላል። ውጤቱን ብቻ የሰማ ሰው ነው እንግዲህ ክረምት ሲመጣ ቡድን የሚመርጠው።

ታምራት ፓሪስ ላይ ባሸነፈባት ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ «ታምራትን ብዬ ነበር» የማይል ሰው ጠፋ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ስሙን ያነሳ ስንት ሰው ነበር? ይህ «ብዬ ነበር» የሚሉት ነገር ከሁሉም በላይ ያደክመኛል። ማንም ዝርዝሩን አይጽፍም። ስላልተጻፈ ማንም አይሳሳትም፤ ማንም ስለማይሳሳት ማንም አይማርም። በሚቀጥለው ኦሊምፒክ ያው ሰው፣ በዚያው ወንበር፣ ያንኑ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመርጣል።

ሴቶቹስ? ለወንዶቹ ሦስት ስም ሁለት ሰዓት እንጨቃጨቃለን፤ ለሴቶቹ ሲደርስ «እነሱማ ያሸንፋሉ» ተብሎ ሂሳብ ይከፈላል። ፓሪስ ላይ ኢትዮጵያ አንድ ወርቅና ሦስት ብር አገኘች፤ ከአራቱ ሁለቱን ያመጡት ሴቶች ናቸው። ትዕግስት አሰፋ በመስከረም 2016 በርሊን ላይ በ2፡11፡53 የዓለምን ክብረ ወሰን በሰፊ ልዩነት ሰብራ ነው የሄደችው። ፓሪስ ላይ ሲፋን ሐሰን በ2፡22፡55 ስትገባ እሷ በሦስት ሰከንድ ተቀደመች። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ሦስት ሰከንድ! እንዲህ ያለ ውድድር ለሳምንታት ሊወራለት ሲገባ በአካባቢያችን ከአንድ ቀን በላይ የቆየ አልሰማሁም። አብራት የተሰለፈችው አማኔ በሪሶ በቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮን የነበረች ናት፤ ስሟን ስጠራ «ማን ናት?» ያለኝ ቡድን መራጭ አለ።

ጽጌ ዱጉማንም ላንሳት። ቀድሞ አጭር ርቀት ነበር የምትሮጠው። በ2016 ዓ.ም. ግላስጎው ላይ በቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮና 800 ሜትርን አሸነፈች፤ በዚያው ክረምት ፓሪስ ላይ ብር ወሰደች። በ800 ሜትር እኛ! በማንም ዝርዝር ላይ አልነበረችም፤ ምክንያቱም የእኛ ዝርዝር የታወቀን ስም ይደጋግማል እንጂ የሚመጣውን ልጅ አይፈልግም።

ስለ አንድ ነገር አጠር አድርጌ ልናገር፤ ማርዘም አይገባውምና። ሯጩ ከየት እንደ መጣ ጠይቆ የሚመርጥ ሰው አለ። ስሙን ሰምቶ፣ የትውልድ ቦታውን አጣርቶ፣ ከዚያ ነው ስለ ሩጫው የሚያወራው። በየትኛውም ወገን አለ፤ በእኛም አካባቢ አለ። ሯጩ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሮጠው አንዱን ባንዲራ ለብሶ ነው። እንዲህ የሚመርጥ ሰው ካለበት ወንበር ተነስቼ እሄዳለሁ።

ጥፋቱ ግን የእኛ የተመልካቾች ብቻ አይደለም። ቡድኑ የሚመረጥበት መስፈርትም አይታወቅም። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ በሚያዝያ 2013 ሰበታ ላይ የ35 ኪሎ ሜትር ማጣሪያ ተደረገ፤ ቀነኒሳ በማጣሪያው ሳይሮጥ ቀረ፤ ሹራ ኪታታ፣ ሌሊሳ ዴሲሳና ሲሳይ ለማ ሄዱ። በነሐሴ ሳፖሮ ላይ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ። ሰበታ ደጋ ነው፤ ሳፖሮ በዚያን ቀን ሙቀትና ወበቅ ነበር። ለፓሪስ ደግሞ የማራቶን ማጣሪያ ሳይኖር ቀደም ባሉ ውጤቶች ተመረጠ። የ10,000 ሜትሩ ማጣሪያ በሰኔ 2016 እስፔን ነው የተካሄደው። አገር ውስጥ ያለ ተመልካች፣ እንጅባራ ያለ ተማሪ፣ ማን ማንን አሸንፎ እንደ ተመረጠ በዓይኑ የሚያይበት ዕድል የለውም። አንዴ ማጣሪያ፣ አንዴ ሰዓት፣ አንዴ የአሰልጣኝ አስተያየት ሲሆን ሯጩም ግራ ይገባዋል። ቀነኒሳ ራሱ በ2008 ዓ.ም. ከሪዮ ቡድን ሲቀር ቅሬታውን በአደባባይ ተናግሯል። እሱን የሚያህል ሰው አመራረጡ ካልገባው እኛ ከየት እናውቀዋለን?

ግልጽ አመራረጥ እንዲህ ነው፦ አሜሪካኖች በእጅ ይዘው በሚሮጡት ኳሳቸው ድራፍት የሚሉት ነገር አላቸው። 32 ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡትን ወጣቶች በሰባት ዙር ይመርጣሉ፤ ባለፈው የውድድር ዓመት ደካማ የነበረው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። ተመልካቹ ወራት ቀደም ብሎ የግምት ዝርዝሩን ያወጣል፤ ማን በስንተኛ ተራ የት እንደሚሄድ ይጽፋል። ሚያዝያ ላይ እውነተኛው ምርጫ ሲካሄድ የማን ግምት እንደ ሠራ ይታያል። ጭቅጭቅ እነሱም ጋ አለ፤ ግን ደንቡ ይታወቃል፣ ግምቱ ተጽፏል፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ታይተዋል። በማራቶንም ቢሆን በጥር 2016 ኦርላንዶ ላይ ማጣሪያ አድርገው መርሁን ለሁሉም ቀድመው ተናግረዋል፦ ሚኒማውን ካሟላህ ቀድመው ከሚገቡት ሦስት አንዱ ሁን። የተመረጠው ያውቀዋል፣ የቀረውም ያውቀዋል። እኛ ከእነሱ የበለጡ ሯጮች አሉን፤ አመራረጡን ግልጽ ለማድረግ ምን ያንሰናል?

ስለዚህ ለሚመለከታቸው አንድ ልመና አለኝ። ለሎስ አንጀለስ የሚመረጥበትን መስፈርት ከአሁኑ በጽሑፍ አውጡልን፤ በማጣሪያ ከሆነ በማጣሪያ፣ በሰዓት ከሆነ የትኛው ከተማ፣ ከመቼ እስከ መቼ የተሮጠ ሰዓት እንደሚቆጠር ይነገረን። ማጣሪያ ካለ በቴሌቪዥን ይተላለፍ። ከወጣ በኋላም አትቀይሩት።

እናንተ የእንጅባራና የዳንግላ መራጮች ደግሞ፣ ወንድሞቼና ታላላቆቼ፣ ዝርዝራችሁን ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ቀኑንም አስፍሩበት። የሴቶቹን ሦስት ስም ከወንዶቹ አስቀድማችሁ ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያያችሁትን ውድድር ጻፉ፤ ካላያችሁት ስሙን ተዉት። ከታች አንድ ገና ስሙ ያልወጣ ልጅ ጨምሩ። ወረቀቱን ለሻይ ቤቱ ባለቤት ስጡና እስከ ሐምሌ 2020 ድረስ ያስቀምጥላችሁ።