ደጋ ወጥቶ የመግዛት ጥበብ

ሺምላ በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ግርጌ ተራሮች ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ነፋሻ ከተማ ናት። ከ1864 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብሪታኒያ ሕንድ የሙቀት ወራት መዲና ነበረች። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ገደማ ገዥዎቹ ጓዛቸውን ጠቅልለው ደጋ ይወጣሉ፤ ተገዢው ግን አገሩ ነውና ሙቀቱን ታቅፎ እዚያው ቆላው ላይ ይቆያል።

የደንቡ አባት እንደራሴው ጆን ላውረንስ ናቸው። በዋናዋ መዲና በካልካታ አምስት ቀን የሚፈጀው ሥራ ሺምላ ላይ በአንድ ቀን እንደሚያልቅ ጽፈዋል። እውነት ነው፣ በላብ የራሰ እጅ ብዕር አይጨብጥም። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። በእሳቸው ቃል ከሄድን የሰባት ወሩ ሥራ በስድስት ሳምንት ተጠናቆ፣ መንግሥት የተረፈውን ጊዜ ሕዝቡ መካከል ወርዶ ሊያሳልፈው በቻለ ነበር። ይህን ለማስላት የደፈረ የሒሳብ ሹም አልተገኘም።

መንግሥት ብቻውን አያርፍም። ከካልካታ ሺምላ ከ1,600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መዝገቡም፣ ጸሐፊውም፣ የእመቤቶቹ የባርኔጣ ሣጥንም ይህን መንገድ በየዓመቱ ይመላለሳል። የመጨረሻው ዳገት ለረጅም ጊዜ በበሬ ጋሪና በሰው ጫንቃ ነበር የሚወጣው። በ1903 ከካልካ የተዘረጋው የ96 ኪሎ ሜትር ጠባብ ሐዲድ ከመቶ በላይ ዋሻና ከስምንት መቶ በላይ ድልድይ አለው። ደንቡን ከመተው ተራራውን መቶ ጊዜ መብሳት ቀለለ።

በከተማዋ ዋና ጎዳና፣ በሞል ላይ፣ በሠረገላ መሄድ የተፈቀደው ለእንደራሴው፣ ለጦር አዛዡና ለፑንጃብ ገዥ ብቻ ነበር። ሌላው ክቡር ሰው በሪክሾ ይሄዳል፤ ሁለት ሰው ከፊት ይስበዋል፣ ሁለት ሰው ከኋላ ይገፋዋል፤ አራቱም የጌታቸውን ቤት መለያ ልብስ ለብሰው ዳገቱን እያለከለኩ ይወጣሉ። የሺምላ አየር ለጤና ተስማሚ መሆኑን በየደብዳቤው የመሰከሩት የተቀመጡት ናቸው። የሚስቡት አልተጠየቁም። የአካባቢው ገበሬ ደግሞ «ቤጋር» በሚባል ግዳጅ የሹማምንቱን ጓዝ ይሸከም ነበር። በ1921 ገደማ ይህ እንዲቀር የታገለው ሳሙኤል ስቶክስ፣ ኮትጋርህ ላይ ፖም የሚያለማ አሜሪካዊ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ተራራ ላይ ቢኖርም እንዴት እንደሚታረፍ ሳይገባው ቀርቷል።

የሥራው ጫና ቀላል አልነበረም። አናንዴል ሜዳ ላይ የፈረስ ግልቢያና ክሪኬት አለ፤ በ1887 በተከፈተው ጌይቲ ቲያትር ሹማምንቱ ራሳቸው ይተውናሉ፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ያጨበጭባሉ። በ1888 የተጠናቀቀው የእንደራሴው ቤተ መንግሥት በኤሌክትሪክ መብራት ደምቆ ጭፈራ ያስተናግዳል።

ጥበቡ በእጅጉ የተፈተነው ከ1876 እስከ 1878 ደቡቡን በመታው ረሃብ ነው። ለዕርዳታ ሥራ የተሰለፈ ጎልማሳ ረሃብተኛ በቀን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ እህልና ጥቂት ሳንቲም እንዲበቃው ተወሰነ። እንደራሴው ሊተን በ1877 ከሺምላ ተነሥተው ረሃቡ ወዳለበት ወደ ማድራስ የወረዱት ነሐሴ ላይ ነው። ነገርን ራቅ ብሎ ማየት ያሰክናል ይባላል፤ ማድራስ ከሺምላ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ጉዳዩ እጅግ ሰከን ተብሎ ታየ። የሞተው ሕዝብ በሚሊዮን ይቆጠራል።

በ1911 መዲናዋ ካልካታ መሆኗ ቀርቶ ዴልሂ እንድትሆን ታወጀ። በ1931 በብዙ ወጪ የተገነባችው ኒው ዴልሂ ተመረቀች፤ ሙቀቱ ሲመጣ መንግሥት እንደ ልማዱ ሺምላ ወጣ። ከ1947 ነፃነት በኋላ ቤተ መንግሥቱ በመጀመሪያ የሕንድ ፕሬዚዳንት የሙቀት ወራት ማረፊያ ሆነ፤ በ1965 ደግሞ የከፍተኛ ጥናት ተቋም ገባበት። አሁን እዚያ የሚሰነብቱት ምሁራን ናቸው፤ የሚያዝዙትም ሻይ ብቻ ነው።