ውዳሴ ለማይታረም አንደበት

የዩኒቨርሲቲ መምህር በባዕድ ቋንቋ ሲናገር የሚያሳየውን ልበ ሙሉነት የሚያሙ ሰዎች አሉ። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም። እስራኤል አገር ክርያት ማላኺ ተቀምጦ ገደራና ያቭኔ ለቅሶና ሠርግ የሚመላለስ ሰው፣ ሲታረም የሚውል አንደበት ምን ያህል እንደሚኮሰምን ያውቃል። ያልታረመውን ማመስገን ግዴታዬ ነው።

ልበ ሙሉነቱ ታሪክ አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲከፈት ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ሆነ። እንዲመሩት የተሾሙት አባ ሉስየን ማት ደግሞ አፋቸውን በፈረንሳይኛ የፈቱ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ። ከአለቃውም ከተማሪውም ዘንድ የእንግሊዝኛ ባለቤት ስላልነበረ፣ ቋንቋዬ ተነካ ብሎ የሚቀየም አልተገኘም። እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም እንግሊዝኛን ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ማስተማሪያ አድርጎ አጸናው።

የዛሬው መምህር ይህን ርስት ወርሶ ክፍል ይገባል። ስላይዱን ይከፍታል፤ ያነባል። «ኢዝ ኢት ክሊር?» ይላል። ክፍሉ «የስ!» ይላል። እንዲህ ያለ ስምምነት በየትኛውም ፍርድ ቤት አይገኝም። ተማሪው አልገባኝም ቢል እንግሊዝኛ አልችልም ማለት ይሆንበታል፤ መምህሩም ምኑ አልገባህም ቢል፣ መልሱን ያለ ስላይድ ሊያብራራ ነው። ሁለቱም የጨዋ ልጆች ስለሆኑ አይነካኩም። በእርግጥ መታወቅ ያለበት ነገር ሲመጣ፣ ፈተናው መቼ እንደሆነ፣ ከየትኛው ምዕራፍ እስከ የትኛው እንደሚወጣ፣ መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአማርኛ ይናገራል። ያን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ እስክሪብቶ ያነሣል።

የሚያሰጋው የውጭ እንግዳ ብቻ ነው። እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር ሊጎበኝ በመጣ ቀን፣ መምህራችንን አስቸኳይ ስብሰባ ይጠራዋል። ፍርሃት ነው የሚሉት ምቀኞች ናቸው። ሀብቱን ከቀማኛ የሚሰውር ሰው ፈሪ አይባልም።

እስራኤል በዚህ ረገድ ብዙ ዕድል አባክናለች። ሃይፋ የሚገኘው ቴክኒዮን ገና ሳይከፈት፣ በ1913፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው የጀርመን አይሁዶች ማኅበር ሳይንሱ በጀርመንኛ ይሰጥ አለ። መምህራንና ተማሪዎች አድማ መቱ። በዚህ የተነሣ ተቋሙ በ1924 ማስተማር ሲጀምር ቋንቋው ዕብራይስጥ ሆነ፤ ያውም ለመሐንዲስ የሚበቃ ቃል ገና እየተፈለገለት በነበረ ጊዜ። ተማሪው ተነሥቶ «መምህር፣ ይኼ እንዲህ አይባልም» ሊል በሚችልበት ቋንቋ ማስተማርን ምን እንደሚሉት አላውቅም። ደግነቱ ዛሬ ቴክኒዮንም በእንግሊዝኛ የሚሰጣቸው ትምህርቶች አሉት። ዘግይቶም ቢሆን ነቅቷል።   

የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ ግን ያቭኔ ናት። የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ የሊቃውንቱ ጉባኤ እዚያ ተተከለ። በጉባኤው አለቃው ቀስ ብሎ ይናገራል፤ አጠገቡ የቆመው ተርጓሚ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ ያሰማል። እኛ ቤተ እስራኤሎችም ከዚህ ጉድ ንጹሕ አይደለንም፤ በስግድ በዓላችን ላይ ቄሶቻችን ኦሪቱን በግዕዝ አንብበው ሲያበቁ፣ ሕዝቡ ይገባው ዘንድ በአማርኛና በትግርኛ ይፈቱታል። ይገባው ዘንድ! ምን እንደሚያመጣ እነሆ። ታልሙድ እንደሚተርከው፣ አለቃው ራባን ገምሊኤል አንድ ቀን ረቢ ዬሆሹዋን በጉባኤ መካከል አቁመው ተቀምጠው ያስተምሩ ጀመር። ሕዝቡ አጉረመረመ። ወደ ተርጓሚው ወደ ሑጽፒት ዞሮ «ቁም!» አለው። ሑጽፒት ቆመ። ተርጓሚው ዝም ሲል አለቃውም ዝም ተባሉ፤ ከሹመታቸውም ወረዱ። በዚያው ዕለት በር ላይ ያቆሙት ዘበኛ ተነሣ፤ ተማሪ ጎርፎ ገባ፤ አራት መቶ አግዳሚ ወንበር ተጨመረ፣ የለም ሰባት መቶ ነው የሚልም አለ። ይህ ሁሉ የመጣው ሰሚው የሚሰማውን በማወቁ ነው። ዘመናዊው ዩኒቨርሲቲ ተርጓሚውን ከመምህሩ አጠገብ ማስነሣቱ ትልቅ አስተዋይነት ነው።

ከመታረም የሚጋርደው ይህ ጥበቃ ያልደረሳቸው የክርያት ማላኺ እናቶች ናቸው። በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከኢትዮጵያ ይዘው ከመጡት አውሮፕላኖች የወረዱ አንዲት የጎንደር እናት፣ ዕብራይስጥ መማሪያው ኡልፓን ሲገቡ መድረክ አልተሰጣቸውም፤ ወንበር ተሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ የሚያርማቸው አልጠፋም። ኩፓት ሖሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄደው ሐኪሙን ሲያናግሩ የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይጎትታል።

«አያቴ፣ እንደዚያ አይባልም! እሱ ወንድ ነው!»

«እሺ የኔ ጌታ፣ እንዴት ነው የሚባለው?»

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ታርማቸዋለች። ከኋላ የተሰለፈው ሩሲያዊ፣ እሱም በተራው ከኋላው ባለችው እየታረመ፣ ያርማቸዋል። በዚህ የማያባራ ጥቃት የተነሣ፣ ምን ይደረግ፣ ዕብራይስጥ ተምረዋል። ከብሔራዊ መድን ድርጅቱ ከቢቱዋሕ ሌዑሚ የመጣ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ጸሐፊዋን በስልክ ተከራክረው ይረታሉ። ልበ ሙሉነት ግን የላቸውም። ቋንቋ ይችላሉ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሁሉ «ኧረ እኔ ምን እችላለሁ!» ነው መልሳቸው። ከመምህራኑ መካከል እንዲህ ሲል የተሰማ የለም።

ስለዚህ ያቭኔ በደሏን የምትክስበት አንድ ተቋም እዚያው ይከፈት። ማስተማሪያው ከመምህሩም ከተማሪውም ያልተወለደ ቋንቋ ይሁን። እኒህም እናት ይቀጠሩ፤ ማይክና ስላይድ ይሰጣቸው፤ በየአሥር ደቂቃው «ባሩር?» (ግልጽ ነው?) ይበሉ፤ አዳራሹም «ኬን!» (አዎ!) ይበላቸው። በአንድ ሴሚስተር ውስጥ ልባቸው እንደሚሞላ አልጠራጠርም። የራባን ገምሊኤል ዘበኛም ወደ በሩ ይመለስ፤ ከአሥር ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳያስገባ።