እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ የት ወጣሁ?

«አባባ፣ ቫይራል ወጡ እኮ!» አለችኝ።

«የት ወጣሁ ልጄ? እግሬ ጉድጓድ ውስጥ ነው» አልኳት።

ሸማኔ ነኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እግሬን ወደ ታች ሰድጄ፣ ከታች እየረገጥሁ ከላይ እየወረወርሁ እሠራለሁ። ከዶርዜ ወጥቼ ሽሮ ሜዳ ስቀመጥ ጢም አልነበረኝም። አሁን ጥጡ የቱ፣ ጢሙ የቱ እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ያቺ ልጅ የመጣችው ኅዳር 25 ቀን ነው። ጋቢ ልትገዛ መስሎኝ ብድግ ስል «አይነሡ አባባ፣ እንደዚያው መወርወሪያውን ይወርውሩልኝ» ብላ ስልኳን ደገነችብኝ። ወረወርሁ። ብርሃኑ አላማራትም፤ አስደገመችኝ። በሦስተኛው ማጉ ተበጠሰ። «ውይ፣ ይሄ ደግሞ እንዴት ደስ ይላል!» አለች። ምኑ ነው ደስ የሚለው? በዚህ ዓይኔ የተበጠሰ ማግ መቀጠል ቅጣት ነው። ጋቢም ሳትገዛ ሄደች። ስልክ ቁጥሬን ግን ይዛ ሄዳለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ስልኬ ዝም ብሎ አያውቅም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንዷ ከዋሽንግተን ደወለች። እሷ ዘንድ ገና አመሻሽ ነው። «ለአባዬ ለገና ይደርስልኛል?» ትላለች። እኔ ስልኩን ሳነጋግር ባለቤቴ መርዶ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች።

ቀብድ ሳልጠይቅ ገንዘቡ በቴሌብር ራሱን ችሎ መምጣት ጀመረ። መልእክቱ ላይ ያለው ስም የወንድ፣ የምትደውልልኝ ሴት። የማን ብር የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። የጎረቤት ልጅ ደብተር ገዝቶ ሲመዘግብ 63 ሰው ሆነ።

እስቲ አስሉት። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ድሩን ከማድራት ጀምሮ እስክጨርሰው አራት ቀን ይፈጅብኛል፤ 63ቱ 252 ቀን መሆኑ ነው። ልጅቷ ከመጣችበት ማግስት እስከ ጥምቀት ዋዜማ ያለው 45 ቀን ነው። ከዚህ እሑዱ ይቀነስ፣ ሚካኤል ይቀነስ፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ መድኃኔዓለም ይቀነሱ። የቀረችኝ 32 ቀን ግድም ናት፤ 8 ጋቢ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሰው ሸማኔ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ።

ፈትሉስ? ማጉን የምትፈትልልኝን ባልቴት «ኧረ ፍጠኝ፣ ሰው ይዞኛል» ብላት እንዝርቷን አስቀምጣ ቡና አፈላች። ከሦስተኛው በፊት አልተነሣችም።

«ሰው ይቅጠሩ» ይሉኛል ደግሞ። ከየት አምጥቼ? «ሸማኔ» ስድብ ሆኖ ልጆቼ በትምህርት ቤት ሲሸማቀቁ ኖረው አንዳቸውም መወርወሪያ ሳይነኩ ሌላ ሥራ ያዙ። ያኔ «የሸማኔ ልጅ» እያለ ያስለቀሳቸው ሰው ዛሬ ደውሎ «የእጅ ሥራ ነው አይደል? የማሽን እንዳይሆን!» ይለኛል።

ከእኔ ዝቅ ብሎ ያለ አንድ ሱቅ ጭራሽ ፎቶዬን አጉልቶ ሰቅሎታል። ከሥሩ የሚሸጠው ጥለቱ የታተመ የፋብሪካ ጨርቅ ነው። ሄጄ ብናገር ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «አባባ፣ ሰውየውን ይመስላሉ» አለኝ።

ዛሬ ጥር 12 ነው፤ ሚካኤል ነው፣ ሥራ የለም። ስልኩን ጥጡ ቅርጫት ውስጥ ቀብሬዋለሁ፤ ከዚያ ሆኖም ይንጫረራል። ጉድጓዱ ላይ ያለው የተራ ቁጥር 9 ጋቢ ነው። ቁጥር 10፣ የሚቀጥለው ሳምንት ብቅ በል። ቁጥር 63፣ ብርህን ና ውሰድ፣ ካልሆነም አባትህን በብርድ ልብስ አቆይልኝ።