ገንዘብ ሊያስገባ የመጣ ተጠርጣሪ

ድሮ ባንክን የሚያሰጋው ገንዘብ ሊያወጣ የሚመጣ ሰው ይመስለን ነበር። ምስጋና ለባንኮቻችን ይሁንና አሁን ነቅተናል፤ አደገኛው ገንዘብ ሊያስገባ የሚመጣው ነው። ያውም በጥሬው፣ ያውም በሌላ ሰው ሒሳብ! በወንድሙ አካውንት ሁለት ሺህ ብር አስገብቶ ዘወር ሊል ያሰበ ሰው ምን ሴራ ቢኖረው ነው? ስለዚህ መታወቂያው ይታያል፣ ኮፒው ይያዛል፣ ስልኩ ይመዘገባል፣ ይፈርማል፤ ከዚያ ሁሉ በኋላ «የገንዘቡ ምንጭ?» ይባላል።

እኔ አሠራሩን ከልቤ እደግፈዋለሁ። የሚቃወሙት ማታ ማታ ቴሌቪዥን የሚያዩ ሰዎች ናቸው። ማታ «ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ» ይባላል፤ ሪባን የታሰረበት መኪና ይታያል። የቅርንጫፍ ሠራተኞችም ለቁጠባ ዘመቻ ወጥተው ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ፣ ሊስትሮ ሳይቀር እየለመኑ ሒሳብ ያስከፍታሉ። ጠዋት ያንኑ ብር ይዘህ ስትሄድ ግን «ማን ነህ? ከየት አመጣኸው?» ነው። ማታ ለማኝ፣ ጠዋት መርማሪ። በዚህ ኑሮ ሁለት ሥራ መሥራት የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስወቅስ አይደለም።

ሰፈራችን ባለው ቅርንጫፍ አንዲት እናት ከፊቴ ተሰልፈው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ልጃቸው 1,500 ብር ሊያስገቡ ነው። ብሩ በመሐረብ ተቋጥሯል፣ መሐረቡ መቀነታቸው ውስጥ ተሸጉጧል። ቋጠሮውን ፈትተው እስኪጨርሱ ወጣቷ ካሸር መታወቂያቸውን አገላብጣ አየችና «እማማ፣ ይሄ መታወቂያ ጊዜው አልፏል» አለች።

«የእኔም አልፏል ልጄ፤ ብሩን ግን እዪው፣ አዲስ ነው።»

ካሸሯ አልሳቀችም፤ መሳቅ መመሪያው ላይ የለም። «የገንዘቡ ምንጭ?» አለች። እማማ አልሰሙም፤ መስታወቱ ወፍራም ነው። ጮክ ብላ ደገመችላቸው፣ ሰልፉ ሁሉ ዞረ። «ከዶሮ» አሉ። ቅጹ ላይ ደመወዝ፣ ንግድ፣ ስጦታ፣ ውርስ አለ፤ ዶሮ የለም። ከጎን ካለችው ካሸር ጋር ከተመካከሩ በኋላ «ንግድ» ላይ ምልክት ተደረገ። እማማ ዶሮ ሸጠው ባንክ ሲገቡ ነጋዴ ሆነው ወጡ፤ ገቢዎች ይህን ጽሑፍ እንዳያነብብኝ አደራ። እስከዚያው ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት፣ ስልካቸውን ቁጥር በቁጥር፣ የልጁን ስምና የላኩለትን ብር የተሰለፍነው በሙሉ ሰማን። ምስጢር ጥበቃ እንዲህ ነው! አንድ ሰው ብቻ የሚጠብቀው ምስጢር ሊጠፋ ይችላል፤ ሃያ ሰው የሚጠብቀው ግን ወዴት ይሄዳል?

«ሕግ ነው» ይሉሃል። ሕጉማ አለ። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን የሚከለክለው አዋጅ ባንኮች ደንበኞቻቸውን እንዲለዩ ያዛል፤ ይህን የሚጠላ ጤነኛ ሰው የለም። ኤፍኤቲኤፍ የሚባለው ዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪ በ2009 ዓ.ም. አገራችንን ክትትል በሚደረግባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ አስገብቷት ነበር፤ የወጣችው በ2012 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ያው ኤፍኤቲኤፍ፣ በምክረ ሐሳብ ቁጥር 10 ላይ፣ ሒሳብ ሳይኖረው አልፎ አልፎ የሚገለገልን ሰው ለማጣራት ያስቀመጠው ወለል 15,000 ዶላር ወይም ዩሮ ነው። እማማ እዚያ ለመድረስ የአንድ ወረዳ ዶሮ መሸጥ አለባቸው። ቅርንጫፋችን ግን ከኤፍኤቲኤፍ ይበልጥ ተጠንቅቋል። ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው የሚለው ተረት እዚህ ላይ ትዝ ያለኝ እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

ጆንያ ሙሉ ብር ያለውስ? እሱ ድሮም አይሰለፍም። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ይቆጠርለታል። እሱን መታወቂያ መጠየቅ ነውር ነው፤ የታወቀ ሰው ነዋ።

መጋቢት 2016 ዓ.ም. ላይ የሆነውንም ላስታውስ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሌሊት ሲበላሽ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ወጣ። ያወጡት እነማን ነበሩ? ማንነታቸው የማይታወቅ መንገደኞች አይደሉም። ስማቸው፣ ፎቶአቸው፣ ስልካቸው ባንኩ ዘንድ የተመዘገበ፣ በራሳቸው ሒሳብ የተጠቀሙ ደንበኞች ናቸው። ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቶአቸው አደባባይ ተለጠፈ። ፎቶውን ሲሰጡ ለምን እንደሆነ ያልገባቸው ካሉ ያን ጊዜ ገብቷቸዋል።

አሁን ደግሞ ፋይዳ የሚባለው ዲጂታል መታወቂያ መጥቷል። የአሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌን፣ የፊት ፎቶ ሰጥተን 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ተቀብለናል፤ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ግዴታ ሆኗል። ከዚህ በኋላ ወረቀት ቀረ፣ ሁሉም በኮምፒውተር ተረጋገጠ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድሁ። «ኮፒውን ይዘዋል?» ተባልሁ። ዲጂታል መታወቂያዬን አሳትሜ፣ ያሳተምሁትን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ፣ ኮፒው ላይ ፈርሜ ሰጠሁ። ዓይኔን የወሰዱበት ማሽን ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

ያ ሁሉ ኮፒ የት እንደሚሄድ እኔም አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ከመንገድ ቆሎ ገዝቼ እየቆረጠምሁ፣ ቆሎው ሲያልቅ የተጠቀለለበትን ወረቀት አየሁት። የባንክ ገቢ ስሊፕ ነው። ስም እስከ አያት፣ የሒሳብ ቁጥር፣ የብሩ መጠን፣ የጠራ ፊርማ። ቆሎ ሻጯ «ወረቀት በኪሎ ነው የምንገዛው» አለችኝ። መታወቂያ ግን አልጠየቀችኝም፤ የቆሎ ንግድ ገና ኋላ ቀር ነው። ወረቀቱን ቀዳድጄ ጣልሁት። እንግዲህ በዚያ ሰዓት በከተማው ውስጥ የደንበኛን ምስጢር የጠበቅሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅ መብት ይሰጠዋል። መብት ተሰጥቶኝ ዝም ማለት አልወድምና መስኮቱ ጋ ተጠግቼ «ስለ እኔ ምን መረጃ እንደያዛችሁ፣ ኮፒዎቼ የት እንደሚቀመጡ፣ እነማን እንደሚያዩአቸው ማወቅ ፈልጌ ነበር» አልሁ። ለካሸሯ እንደ ዶሮዋ ጉዳይ ቀላል አልሆነላትም። ሥራ አስኪያጁ ተጠርተው መጡ፣ ሰሙኝ፣ ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልን፤ የደንበኛ መረጃ ምስጢር ነው። ለማንም አንሰጥም።»

«ደንበኛው እኮ እኔ ነኝ።»

«እሱን በምን እናውቃለን?»